የባለጨርቁ አውራ ጣት

ቆርቆሮ ሠሪውን ሰው ሁሉ ባለጨርቁ ይለዋል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከጣቶቹ ነው። ከጣቶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ሁልጊዜ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለሉ ናቸው፤ አንዱ ሲድን ሌላው ይቆረጣል፤ ሌላው ሲድን የዳነው ተመልሶ ይቆረጣል፤ ጨርቁም ከጣት ወደ ጣት እየተዛወረ ይኖራል እንጂ ከእጁ ወርዶ አያውቅም። አመሻሹ ላይ ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ ለብ ያለ ውሃ ከጨው ጋር በሳህን ታቀርብና የቀኑን ጨርቅ ፈትታ፣ ቁስሉን አጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልልለታለች። «ሌላዋ ሴት የባሏን ሸሚዝ ታጥባለች፤ እኔ የባሌን ጣት አጥባለሁ» እያለች ትቀልዳለች። በትዳር ዘመናቸው የተነጋገሩት ቁም ነገር ሁሉ፣ የልጆቹ ትምህርትም ሆነ የልጆቹ ማግባት፣ የተመከረበት በዚያች የጨው ውሃ ሳህን ዙሪያ ነው።

ጣቶቹን ለዚህ የዳረጋቸው ግድየለሽነት አልነበረም፤ ሕግ ነበር። ወርክሾፑ ከመንገዱ ዝቅ ያለ፣ ጠባብና ረጅም ክፍል ነው። በግራው ግድግዳ ያልተነኩ የቆርቆሮ ንጣፎች ተደግፈው ቆመዋል፤ በቀኙ የሥራው ጠረጴዛና ጠርዝ የሚታጠፍበት ማጠፊያ አለ፤ ጫፍ ላይ ደግሞ በያጁ እሳቱን ይዞ ይቀመጣል። የባለጨርቁ አባት ይህን ቤት ሲያቋቁሙ አንድ ሥርዓት ደነገጉ፤ ታጥፎ ያለቀ ጠርዝ ሁሉ፣ አሸንዳም ይሁን ባልዲ ወይም የጭስ መውጫ ቱቦ፣ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ በባዶ አውራ ጣት ከዳር እስከ ዳር ይዳሰሳል። «ዓይን ይደለላል፤ ጣት አይደለልም» ይሉ ነበር ሽማግሌው። እጥፉ የላላበትን ቦታ አውራ ጣት ያውቀዋል፤ በላላበት ቦታ ውሃ ይወጣልና። ነገር ግን ጠርዙ ያልተላገ ስለት ቀርቶበት እንደሆነ፣ ይህንም የሚያውቀው ያው አውራ ጣት ነው፤ የሚያውቀውም በደሙ ነው። ጓንት አይታሰብም። ጓንት ያነሣ ሰው በዚያ ቤት «ሙሽራው መጣ!» ይባላል።

ከበሩ አጠገብ ማንም የማይቀመጥበት አንድ ዱካ አለ። ሽማግሌው በአንድ ረፋድ፣ መዶሻቸውን ከጭናቸው ላይ አድርገው፣ «እስኪ ትንሽ ልረፍ» ብለው እዚያ ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ አልተነሡም። ዓመታት አለፉና የባለጨርቁ ታላቅ ወንድም፣ እንደ ሰንጋ የጠነከረ የሚባል ሰው፣ አንድ ቱቦ ከትከሻው አውርዶ ላቡን እየጠረገ፣ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ከዚያው ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ እሱም አልተነሣም። ሁለቱም ልባቸው ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ዱካውን የሚጥል አልተገኘም፤ የሚቀመጥበትም አልተገኘም። «ልረፍ» የምትል ቃል ከወርክሾፑ ተሰደደች። የደከመው ሰው «ወገቤን ላቅና» ወይም «ልቀመጥ» ይላል እንጂ ልረፍ አይልም።

ባለጨርቁ ወንድሙ በሞተበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ይህን ለማንም ሳይናገር በልቡ ያዘው። ሚስቱም ይዛዋለች፤ እሷም አልተናገረችም። የወንድሙ ሚስት በአንድ ቀን ከወይዘሮነት ወደ ባዶ ቤት ጠባቂነት ስትለወጥ በዓይኗ አይታለችና፣ ባሏ በማለዳ ሲወጣ ከበሩ ላይ ቆማ ከጀርባው ታየዋለች፤ ትከሻው ዘንበል ብሎ እንደሆነ፣ እርምጃው ተጎትቶ እንደሆነ ትመረምራለች። ሲዞር ካያት ግን «ሳህን ገዝተህ ና» ትለዋለች።

ነገሩ የተጀመረው የጤና ጣቢያው ጣሪያ ማፍሰስ በመጀመሩ ነው። ባለጨርቁና በያጁ አሸንዳውን እንዲቀይሩ ተጠርተው ሄዱ። ባለጨርቁ መሰላሉን ወጥቶ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ግንባሩን ከግድግዳው አስደገፈ፤ በአፉ መተንፈስ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ከታች የምታልፈው ሐኪም፣ ነጠር ብላ የምትራመድ፣ ቃሏ አጭር የሆነ ሴት፣ ቀና ብላ አየችው።

«አባቴ፣ ይውረዱ።»

«ሳልጨርስ አልወርድም ዶክተር። ግማሽ አሸንዳ ጭራሽ ካለመኖሩ ይከፋል።»

«እርስዎ ከወደቁ ግማሹንም አያዩትም። ይውረዱ አልኩ እኮ!»

በያጁ መሰላሉን እንደያዘ ሳቀ። «ውረድ እንጂ ባለጨርቁ! ለሚስትህ ብቻ የምትታዘዝ መስሎኝ ነበር።»

ወረደ። ሐኪሟ ከምርመራ ክፍሏ አስገብታ አልጋው ላይ አስቀመጠችውና ደረቱን አዳመጠች፤ ግፊቱን ለካች፤ ከዚያም ትጠይቀው ጀመር።

«አባትዎ በምን ሞቱ?»

«ቁጭ እንዳሉ።»

«በምን ነው ያልኩት።»

«ልባቸው ነው ተባለ።»

«ወንድም አለዎት?»

«ነበረኝ። እሱም ቁጭ እንዳለ ነው።»

«በስንት ዓመቱ?»

ባለጨርቁ ወለሉን አየ። «አሁን እኔ ባለሁበት» አለ።

ደም ተወሰደ። ውጤቱ በመጣ ጊዜ ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ በማይጣደፍ ቃል አስረዳችው። ስኳሩ ደኅና ነው። የደሙ ቅባት ግን መሀል ላይ ቆሟል፤ መድኃኒት ቢጀመርም ያስኬዳል፤ ባይጀመርም ያስኬዳል። እንዲህ ያለ መሀል ሰፋሪ ሲያጋጥማት የምታየው ሌላ ምልክት አለ። ሰውነት በአንድ ቦታ ሲቆስል፣ ሲመግል ወይም ሲቆጣ ጉበት ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ነው፤ ሲአርፒ ይሉታል። የልብ ደም ሥሮችም ግድግዳቸው ሳያም፣ ሳያስነጥስ፣ ሳያስል፣ ውስጥ ውስጡን ለዓመታት ሊቆጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ይህ ፕሮቲን ከፍ ብሎ ይኖራል፤ አልወርድም ካለ ልብን መጠርጠር ነው።

«የእርስዎ ከፍ ብሏል» አለችው።

«እንግዲያው የወንድሜ ነገር ነው።»

«አልኩ? አላልኩም። ይህ ምልክት እንደ ጭስ ነው አባቴ። ጭሱን እናያለን፤ ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ ግን አይነግረንም።» ይህን እንዳለች ዓይኗ ከእጆቹ ላይ አረፈ። የቀኝ እጁን አንስታ ጨርቁን ፈታችው። ሌባ ጣቱ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ከጥፍሩ ሥር መግል ቋጥሯል። «ይኸው አንድ የሚጨስ ቤት! ይህ እስኪድን የልብዎን ወሬ ከጣትዎ ወሬ መለየት አልችልም። ሲድን ይምጡ፤ እንደገና እንለካዋለን።»

ባለጨርቁ ከጤና ጣቢያው ሲወጣ ሄዶ የማያውቀውን አካሄድ ሄደ፤ ክንዱን እያወዛወዘ። ወርክሾፕ እንደደረሰ ሌባ ጣቱን ሽቅብ አቁሞ በያጁን ጠራው።

«የኔ ጭስ ከዚህ ነው! ከጣቴ! ልቤ ነጻ ነው።»

በያጁ ሲጋራውን ከከንፈሩ ሳያወርድ፣ «የኔ ከአፌ ነው፤ ማንም ያየዋል። መለኪያም አላስፈለገኝ» አለና እሳቱን ቀጠለ።

እንግዲህ ያን ቀን የተጀመረው ደስታ ነው ኋላ ባለጨርቁን የጎዳው። ጣቱ በሚድንበት ሰሞን ሌላው ይቆረጣል። ቀጠሮው ሲደርስ ሄዶ የታሸገ እጁን ያሳያል፤ ሐኪሟም ራሷን ነቅንቃ ትመልሰዋለች። መጀመሪያ የሆነው ከልማድ ነበር፤ ቆይቶ ግን ልማዱ መጠጊያ ሆነው። ጨርቅ የተጠቀለለበትን ጣቱን ሲያይ ልቡ ይረጋል። አንድ ቀን ሁሉም ጣቶቹ ድነው ባያቸው ጊዜ እንደ ልብሱ እንደተገፈፈ ሰው ደንግጦ እጁን ኪሱ ከተተ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሐኪሟ በመጨረሻ ሚስቱን አስጠርታ ከእሱ ጋር ከፊቷ አስቀመጠቻት።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ እስኪድኑ ስጠብቅ ዓመቱ ሊያልቅ ነው። ቆርቆሮ አይንኩ። ጣቶቻቸው ሁሉ እስኪድኑ፣ ከዳኑም በኋላ ጥቂት እስኪሰነብቱ ድረስ ወርክሾፕ አይሂዱ።» ወደ እሱ ዞረች። «የማዝልዎት ሌላ አይደለም፤ እረፍት ነው።»

ሚስትየዋ ባሏን ሰርቃ አየችው። ፊቱ ዐመድ መስሏል። ሐኪሟ ምን እንዳጠፋች አላወቀችም።

እቤት ዋለ። ሚስቱ ቁስሎቹን እንደ ወትሮው ማጠቧን አላቋረጠችም፤ ግን ጨርቁ በየጊዜው እያነሰ ሄደ፤ ከዚያም የሚጠቀለል ጠፋ። ያ እንደ ዛፍ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ መዳፍ እየላመ፣ እየነጣ መጣ። ባለጨርቁ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ አውራ ጣቱን በጠረጴዛው ጠርዝ፣ በሳህኑ ከንፈር፣ በበሩ መቃን ላይ ሲያስኬድ ይውላል። በያጁ ሊጠይቀው መጥቶ እጁን ሲጨብጥ ቶሎ አልለቀቀውም።

«ይህ የማን እጅ ነው? የጸሐፊ እጅ አይደለም እንዴ! ባለጨርቁ ያለ ጨርቅ! ዛሬ ማን ብለን እንጥራህ?»

«ሥራው እንዴት ነው?»

«ሥራውማ ያለ አንተ አውራ ጣት ያፈስሳል። ትናንት አንድ ባልዲ ተመለሰ። ሴትዮዋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ወንፊት ከፈለግሁ ወንፊት እገዛ ነበር።›»

ሳቁ። ሚስትየዋ ወደ ጓዳ ስትገባ ግን በያጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ወንድሜ፤ እኔ ብሆን አልለካም። እኔ በበኩሌ ያላየሁት እባብ ነክሶኝ አያውቅም።»

ሚስትየዋ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሯል። «ነክሶህማ ቢሆን መች ትነግረን ነበር!» አለች።

የቀጠሮው ቀን በማለዳ ባለጨርቁ ከወትሮው ቀድሞ ተነሣ። ሚስቱ ጫማዋን ስትፈልግ፣ «ኮቴን ወርክሾፕ ረስቼዋለሁ፤ አምጥቼ መንገድ ላይ አገኝሻለሁ» ብሏት ወጣ። ኮቱ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነበር። እሷ ያየችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ወርክሾፑን ከፈተ። በያጁ ገና አልመጣም። ጠዋት ገና ያልነካው ክፍል ያንን የሚያውቀውን የቆርቆሮና የአሲድ ሽታ ሸተተው። ከጠረጴዛው ሥር የተቆራረጠው ትርፍራፊ ተከምሯል። ከመካከሉ መቀስ ገና የለቀቀውን፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚያበራ አንድ ቁራጭ መዘዘ። ባለጨርቁ በዕድሜው ስንት ጊዜ ተቆርጧል ቢባል ራሱም አያውቅም፤ ራሱን ግን ቆርጦ አያውቅም። ከዚያ ልጅ ሆኖ አባቱ እንዳስተማሩት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ አውራ ጣቱን ከጠርዙ ላይ አኖረና ጎተተው።

የላመ ቆዳ ቶሎ ይከፈላል። ደሙ ሲወርድ አየና በረጅሙ ተነፈሰ፤ እንዲህ ተንፍሶ አያውቅም። መሐረቡን ጠቀለለበት። ቁስል ካለ ጥያቄው ይቆያል፤ ጥያቄው ከቆየ ደግሞ ሰው ይቆያል፤ በልቡ የሠራው ሒሳብ ይህ ነበር። ሲወጣ በበሩ አጠገብ ያለውን ዱካ ሳያይ አለፈ።

ሚስቱ ከጤና ጣቢያው በር ላይ ኮቱን በክንዷ ይዛ ጠበቀችው። ኮቱን አየ፤ እሷም መሐረቡን አየች። አብረው ገቡ።

ደም የምትወስደው የላቦራቶሪ ባለሙያ ወጣት ናት፤ ሁሉንም ሽማግሌ አባባ ትላለች።

«አባባ፣ ዛሬም ተቆረጡ?»

«ምን ይደረግ ልጄ፣ ሥራ ነው። ሌላ ቀን ልምጣ።» ከወንበሩ ለመነሣት ተዘጋጀ።

«እስኪ ይቀመጡ።» መሐረቡን ፈትታ አየች። «ይሄ መቼ ነው?»

«ከትናንት... ከትናንት ወዲያ መሰለኝ።»

«ኧረ አባባ! ደሙ እኮ ገና አልቆመም!» ሳቀች፤ በክፋት አልነበረም። ጥጥ ጫነችበትና በሩን ገፋ አድርጋ ሐኪሟን ጠራች። ሐኪሟ መጥታ ጣቱን አገላብጣ አየች፤ ንጹሕ ቁርጥ ነው፤ እብጠት የለው፤ መግል የለው።

«ውሰጂላቸው» አለች። «የዛሬ ጠዋት ቁስል ወሬው ለደሙ ገና አልደረሰውም። ደርሶትም ቢሆን እንዲህ ያለችው ጭረት ይህን ያህል አታስጮህም። አሁኑኑ ውሰጂ።»

ባለጨርቁ ክንዱን ዘረጋ። መርፌው ሲገባ አልተሰማውም። የተሰማው አውራ ጣቱ ብቻ ነው።

ሲመለሱ መገንጠያው ላይ ደረሱ። ሚስቱ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና እንደ መንገደኛ ወደ ፊት እያየች ጠየቀችው።

«በገዛ እጅህ ነው?»

«እ?»

«አታድክመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቁስልህን ሳጥብ የኖርኩ ነኝ። ሥራ የቆረጠውን አውቀዋለሁ፤ ዝንጥል ያለ ነው። ይሄ በመስመር የተሠመረ ነው።»

ባለጨርቁ ጥቂት ሄደ። «ወንድሜ መሄዱን ሳያውቅ ነው የሄደው» አለ። «እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሙሉ ሰው ነበር፤ ቱቦውን በትከሻው ይዞ እየቀለደ ነበር። እኔም እንደሱ ልሂድ ብዬ ነው። በየማለዳው ዛሬ ይሆን፣ ነገ ይሆን እያልኩ መኖር አልችልም።»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«እኔ በየማለዳው እንደዚያ እያልኩ ስኖር ስንት ዘመኔ መሰለህ? በር ላይ ቆሜ ሳህን ግዛ የምልህ ሳህን የሌለኝ ይመስልሃል?» ድምፏ ተሰበረ፤ ግን አላለቀሰችም። «አንተ እንዳታውቀው፣ እኔ ብቻዬን እንዳውቀው ነው የፈለግኸው። መድኃኒት ቢኖረውም ይቅር አልክ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ቀሪውን መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ፤ እንደተጣሉ ሰዎችም እንደታረቁ ሰዎችም አይደለም።

ውጤቱ ከፍ ያለ ሆነ። ሐኪሟ እንዳትሳሳት ጥቂት ሰንብታ ደገመችው፤ አውራ ጣቱ በዚያን ጊዜ ድኖ ነበር፤ ሌላ ቁስልም አልነበረበትም፤ ጥርሱንም፣ ሳንባውንም፣ መገጣጠሚያውንም መርምራ የሚጨስ ቤት አላገኘችም። ምልክቱ ከነበረበት አልወረደም። ሌሎች ምርመራዎች ተጨመሩ፤ የልብ ደም ሥሮቹ ከጠበቡ ቆይተዋል።

«ቀድመን ብንጀምር ይሻል ነበር» አለች ሐኪሟ፤ ነገር ሸፍኖ መናገር አታውቅበትም። «አሁንም እንጀምራለን። ይህን ክኒን በየቀኑ ይወስዳሉ፤ ይህንንም ይጨምራሉ። መሰላል የለም። ከባድ ነገር ማንሳት የለም። በደም ሥርዎ ግድግዳ የተገነባውን አያፈርስልንም፤ ጭማሪውን ግን ያዘገይልን ይሆናል።»

«በሽታው ይወስደኛል?»

«ያየነው ምልክት ነው አባቴ፤ ቀን አይቆርጥም።»

«ወንድሜን ወስዶታል።»

ሐኪሟ ወረቀቷን አስተካከለች። «አንድ ነገር ደግሞ አለ» አለች። «መድኃኒቱ መሥራቱን የማውቀው በየጊዜው ይህን ምልክት እየለካሁ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ቁስል አልፈልግም። ጓንት ያደርጋሉ።»

ባለጨርቁ ወርክሾፕ የተመለሰው ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቆ ነው። በበሩ ሲገባ «ሙሽራው መጣ!» የሚለውን ጩኸት ጠብቆ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነበር። በያጁ ቀና ብሎ አየው። አልጮኸም። «እንኳን ደኅና መጣህ» አለና ወደ እሳቱ ጎንበስ አለ። ባለጨርቁ ከስድቡ ይልቅ ይህን አክብሮት ፈራው።

መሰላልና ሸክም ስለተከለከለ የቀረለት አሸንዳ ማጠፍ ብቻ ነበር። ንጣፉን ለካ፤ ቆረጠ፤ ማጠፊያው ውስጥ አስገብቶ ጠርዙን አጠፈ፤ በእንጨት መዶሻው እየመታ አስተኛው። ሲጨርስ እንደ ሥርዓቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አውራ ጣቱን አስኬደ። ቆዳው ውስጥ ያለው ጣት ከዳር ተነሥቶ ዳር ደረሰ፤ ምንም አልነገረውም። ደገመው። መንገዱን በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚዳስስ ዕውር ነበር። ደኅና ነው ብሎ አስቀመጠው፤ ደኅና መሆኑን ግን አላወቀም።

በያጁ ሊበይደው አንሥቶ ፊቱን አዞረ፤ በባዶ አውራ ጣቱ ዳሰሰው። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ትንሽ ሄዶ እንደገና ቆመ። ባለጨርቁ ይጠብቃል። ይህ ሰው በሰው ሥራ ላይ ቀልድ ሳያወጣ ውሎ አያውቅም፤ «ወንፊት»ም ቢሆን፣ «የአበባ ማጠጫ»ም ቢሆን፣ አንድ ነገር ይለዋል። በያጁ ምንም አላለም። አሸንዳውን ይዞ ወደ ማጠፊያው ሄደና፣ ድምፅ እንዳያሰማ መዶሻውን ቀስ እያደረገ፣ የላላውን እጥፍ እንደገና አስተኛው።

ባለጨርቁ ጓንቱን አወለቀ። ቀጣዩን ጠርዝ በባዶ እጁ ሊነካ ጣቱን አስጠጋና መለሰው። አስጠጋና መለሰው። ጠርዝ ፈርቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ቢቆረጥ ቁስሉ አይሸሽገውም፤ የሐኪሟን መለኪያ ከማደናገር በቀር አንዳች አይጠቅመውም። ባይቆረጥ ደግሞ፣ የማይዳስስ ቆርቆሮ ሠሪ ምኑ ቆርቆሮ ሠሪ ነው? ጓንቶቹን ጠረጴዛው ላይ፣ ጎን ለጎን፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጎ አኖራቸው። ከዚያ ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው ወደ በሩ ሄደና ዱካው ላይ ተቀመጠ።

የበያጁ እሳት ጠፋ። «ምን ሆንክ?» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ።

«ምንም። ልቀመጥ ብዬ ነው።»

በያጁ እዚያው ቆመ፤ እስኪነሣ ድረስ እሳቱን አልለኮሰም። ባለጨርቁ ከመንገዱ የሚያልፉትን ሰዎች ጫማ እያየ ተቀመጠ። አባቱና ወንድሙ በመጨረሻ ያዩት ይህንኑ መሆኑ ትዝ አለው፤ የሰው ጫማ። ቆይቶ ተነሣ። ከዚያ ቀን በኋላ ዱካው የሱ ሆነ፤ ሥራ ሊያስሠሩ የሚመጡትን እየተቀበለ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ያ አንድም ጨርቅ የሌለበት ሰው እስከ ዛሬ ባለጨርቁ ይባላል።

የዚያን ቀን አመሻሹ ላይ ሲገባ ሚስቱ እንደ ልማዷ ለብ ያለውን ውሃ ከጨው ጋር በሳህን አቀረበች። ካስቀመጠችው በኋላ ነው ያስታወሰችው። ልትመልሰው አፈረች፤ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ተቀበለችው። ገለበጠችው። የሚፈታ የለም፤ የሚታጠብ የለም። ጣቶቿ ከመዳፉ ወረድ ብለው የእጁን አንጓ ያዙ፤ የደም ሥሩ የሚመታበትን ቦታ ፈልገው አገኙና ቆዩ።

«ምን ይላል?» አላት።

«ይመታል።»

«ነገስ?»

እጁን አልለቀቀችም። ውሃው በሳህኑ ውስጥ ቀዘቀዘ።